ቀጭ እያለች ኦቾሎ የወጣች ብስክሌት

እናንተ አርባ ምንጭ አትሄዱም። አውቃችኋለሁ፤ ሻሸመኔ ደርሳችሁ ስትመለሱ እንኳ ባሕር የተሻገራችሁ ይመስላችኋል። እዚህ ዝዋይ አብራችሁኝ ብሎኬት የምትደረድሩ ጓደኞቼ ምሳ ሰዓት ላይ "እዚያ ምን አየህ?" እያላችሁ ስለጨቀጨቃችሁኝ ነው የምጽፈው። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ጽሑፌ እንደ ግንቤ ቀጥ ያላለ እንደሆነ አትፍረዱብኝ። ብትፈርዱም ግድ የለኝም።

የሄድኩት ልጄን ብርቱካንን ለማየት ነው። ስድስት ዓመት አላየኋትም ነበር። ለትምህርት አርባ ምንጭ ሄዳ፣ ኦቾሎ ከሚባል የጋሞ ደጋ የተወለደ መምህር አገባች። ጴንጤ ነው፤ አባቱ ሸማኔ ነው። እኔም "ለሸማኔ ልጅ የምድራት ልጅ የለችኝም" ብዬ ላኩባት፤ በዚያው ቀረን። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ሲያቦካ የሚውል ሰው ሸማኔን የሚንቀው በምኑ እንደሆነ ዛሬ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። ያን ጊዜ ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

ስታገባ የጻፈችልኝን ደብዳቤ ባለሱቁ ነው ያነበበልኝ፣ ስኳር ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ እየሰማ። የጎልማሶች ትምህርት ያስገባኝ ያ ቀን ነው። ዘንድሮ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። አራት መስመር ናት፤ ራሴ አነበብኳት። ወንድ ልጅ ወልጃለሁ፣ ሁለት ዓመት ሆነው፤ መምጣት ከፈለግህ ና፤ ከመጣህ ብስክሌቴን ይዘህልኝ ና ትላለች።

ብስክሌቷ ቀይ ናት። ሰባተኛ ክፍል ሳለች የገዛሁላት ናት። እሷ ካገባች ወዲህ ለቁመቴ አስተካክዬ ወደ ሥራ የምሄድባት እኔ ነኝ። ችግሩ መጮኋ ነው። ቀጭ ትላለች። አንዴ ስትረግጥ ቀጭ፣ ደግመህ ስትረግጥ ቀጭ። ዝዋይ ያለ ሠራተኛ ሁሉ ፈቷታል፣ ማንም አላገኘውም። በባጃጅና በጋሪ ጫጫታ መሐል እችለው ነበር። ለልጄ ልሰጣት ስነሳ ግን ድምፁ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ስድስት ዓመት የተኮራረፈ አባት የሚጮህ ዕቃ ይዞ አይሄድም አልኩ።

ሰኞ

በጠዋት አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ከአንድ ፍራሽና ከሁለት የሽንኩርት ጆንያ ጋር አሰርናት። ረዳቱ "አባት፣ እዚያ ብስክሌት ጠፍቶ ነው?" አለኝ። ገመዱን እንደገና አጠበቅኩት።

ሐላባ ላይ በርበሬው መንገድ ዳር ተሰጥቶ ቀልቷል። በእንቅልፍና በንቃት መሐል ሆኜ ሳየው መንገዱ በቀይ ምንጣፍ ላይ የሚሄድ መሰለኝ። ሶዶ ላይ ወርደን ቁርጥ በላን። ዳጣ የሚሉት ማባያ አለ፤ በርበሬ ነው ብዬ እንደኛ አዋዜ ጠቅልዬ ጎረስኩና እንባዬ ወረደ። አስተናጋጇ ሳልጠራት አንድ ብርጭቆ እርጎ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችና ሄደች። የኛ አገር አስተናጋጅ ብትሆን ጓደኛዋን ጠርታ ነበር አብረው የሚስቁብኝ።

ከሶዶ ወዲያ መንገዱ ይወርዳል። ሙቀቱ በመስኮት ይገባና እንደ ጋቢ ይደረብብሃል። ከዚያ ሐይቁ ይመጣል። አባያ የኛን ሐይቅ አይመስልም። የኛ ጭቃ ነው፣ ጭቃ መሆኑንም አይደብቅም። ይኸኛው ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል፤ ጫፉም የት እንደሆነ አይታወቅም፣ ተራራውና ውሃው በጭጋግ ተጋብተዋል። አውቶቡሱ የቆመ፣ ሐይቁ የሚሄድ እየመሰለኝ ብዙ መንገድ ሄድኩ።

"ላንቴ ወራጅ አለ?" አለ ረዳቱ።

ኦቾሎ ከላንቴ በላይ ነው። ልጄ ያለችው እዚያ ተራራ ጫፍ ላይ ነበር፤ በመስኮት ቀና ብል ይታየኛል። "አለ" ማለት ነበረብኝ። አፌ አልከፈት አለ። አውቶቡሱ አለፈ፣ እኔም እስከ አርባ ምንጭ ሄድኩ። ሲቀላ በሚባለው በታችኛው ከተማ አልጋ ያዝኩ። ከመናኸሪያ እስከ አልጋዬ ስነዳ ቀጭ ቀጭ ትል ነበር። ይህን ድምፅ ሳላጠፋ አልወጣም ብዬ ወሰንኩ። ውሳኔው ደስ አሰኘኝ፤ አንድ ቀን አተረፈልኝ።

ማክሰኞ

ሲቀላ ውስጥ አንድ ቀጭን የብስክሌት ሠራተኛ አገኘሁ። ብስክሌቷን ገልብጦ በመሪዋና በመቀመጫዋ አቆማትና ፔዳሉን በእጁ አሽከረከረው። ጎማው ተሽከረከረ፣ ድምፅ የለም። ጆሮውን አስጠጋ፤ የለም። ከዚያ ወጣባትና ቆሞ እየረገጠ እስከ አደባባዩ ደርሶ ተመለሰ። የለም። እኔ ስወጣባት ቀጭ።

"ጋሼ፣ እርስዎን ነው የማትወደው" አለኝ።

ቁልፍ የያዘ ሰው ሲቀልድ አልወድም። እሱ ግን ሳቀና ፔዳሎቹን ቀየረ፣ ኩችኔታውን ፈቶ ግራሶ ሞላው። ስወጣባት ቀጭ። አፍሮ ቡና ጋበዘኝ።

እዚያ ተቀምጬ የሰፈሩን በሮች ሳይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አርባ ምንጭ ውስጥ ብዙ በር ላይ ቆርቆሮ ይንጠለጠላል። አንዱ "ልብስ ስፌት" ይላል፣ አንዱ ጥቅስ ነው። አሁን ሁሉን ስለማነብ አንድም አያመልጠኝም። የኛም ቤት በር ላይ አንድ ነበረ። ብርቱካን ልጅ ሳለች በተረፈኝ ሰማያዊ ቀለም ጽፋ የሰቀለችው ነው። ምን እንደሚል አልጠየቅኳትም። ያልገባውን ነገር የሚጠይቅ አባት ነበርኩ ብላችሁ ነው? የሚያልፈው ሰው አይቶት ፈገግ ይል ነበር፤ የሚስቀው በኔ መሰለኝ። ያገባች ሰሞን ነቅዬ በመቀስ ቆራረጥኩት። ቆርቆሮ ለሁሉ ይሆናል፤ አንዱን ለማጠፊያ አንዱን ለጣሪያ ቀዳዳ አድርጌ ጨረስኩት።

ምሳ ዓሣ በላሁ። ጥሩ ነው፤ ግን ዓሣ በዝዋይ ሰው ፊት አያስመሰግንም። ከሰዓት በኋላ ድምፁን ጸጥታ ውስጥ ለመስማት ብዬ ወደ ኩልፎ ወንዝ ወረድኩ። እዚያ ሙዙ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተጋጥሞ ጥላው አረንጓዴ ነው፤ ሰው ውሃ ውስጥ የሚሄድ ይመስለዋል። ነፋስ ሲመጣ ቅጠሉ ሁሉ አንድ ላይ ይተነፍሳል። በዚያ መሐል የኔ ቀጭ ብቻ። አንገቴን ደፍቼ፣ ከግራ እግር ነው ከቀኝ እያልኩ ስሰማ ስሰማ ሄድኩ፤ እንደ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ የመስኖ ቦይ ውስጥ ነኝ፣ እስከ ወገቤ።

ሙዝ የሚቆርጡ ሁለት ሰዎች ጎትተው አወጡኝ። እርስ በርሳቸው በጋሞኛ እያወሩ ሳቁ፣ ከዚያ የኔን ሱሪ አጥበው ሙዝ ላይ አሰጡትና እስኪደርቅ የራሳቸውን ሽርጥ ሰጡኝ። ዝዋይ ቦይ ውስጥ ብወድቅ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ የማን ቦይ እንደሆነ አውቄ እንደገባሁ ነው። በባዕድ ሽርጥ ሙዝ ስር ተቀምጬ ሙዝ በላሁ። ስንት እንደበላሁ አላውቅም። ልጄ ይህን ጣዕም ስድስት ዓመት ታውቀዋለች ብዬ አሰብኩና የያዝኩትን መልሼ አስቀመጥኩት።

ረቡዕ

ወደ ላንቴ ነዳሁ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ሐይቁ በቀኝ፣ ተራራው በግራ። ተራራውን ላለማየት ሐይቁን አይ ነበር።

ላንቴ ላይ ትልቅ ማንጎ ስር ብስክሌት የሚሠራ ሰው አለ አሉኝ። ማርቆስ ይባላል። ሙዝ ገበሬ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናቸውም ያገለግላል፤ ብስክሌት የሚሠራው ሙዙ ውሃ እስኪጠጣ ነው። ደግ ፊት አለው። እኔ ደግ ፊት አላምንም።

ካቴናውን አወለቀ፣ በጣቱ አንድ በአንድ አጠፋው፤ ደህና ነው። የጎማውን ሽቦዎች ነካካ፣ ፍሬኑን አጠበቀ። እሱም ገልብጦ አሽከረከራት፤ ዝም። እኔ ወጣሁ፤ ቀጭ። ቁልፉን መሬት አስቀመጠና ቀይ ቀለሙን በእጁ እየዳሰሰ ጠየቀኝ።

"ብስክሌቱ የማን ናት?"

"የልጄ።"

"ኦቾሎ ዘመድ አለ?"

"የለም" አልኩ።

እንዲህ ብዬ የካድኩት የገዛ ደሜን ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳያስገድደኝ። ማርቆስ ተነሳ። ስልኩን ይዞ ወደ ሙዙ ገባና ቆይቶ ተመለሰ። "ዛሬ እኛ ቤት ያድራል" አለኝ፤ አንቱ ሊለኝ ፈልጎ እንደሆነ ገባኝ።

ሚስቱ አማረች ለቤተሰቡ ወተትና ቅቤ አቀረበች። ለኔ ግን ሌላ ድስት ለብቻ ጥዳ ነበር። የበቆሎ ድብልብል ከሽፈራው ቅጠል ጋር ቀቅላ፣ ያለ ቅቤ። "ረቡዕ ነው፣ እርስዎ ይጾማሉ" አለች። እነሱ ጴንጤዎች ናቸው፤ ረቡዕን አይጾሙም። እኔም አልነገርኳትም፤ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አይታ ነው። እኔ የነሱ ሰው ቤቴ መጥቶ ቢሆን የትኛውን ቀን እንደሚያከብር አስቤለት አላውቅም። ሲጸልዩ ዓይናቸውን ጨፍነው ረዘሙብኝ፤ መሐል ላይ "ከተራራው በታች ያለውን እንግዳችንን" የሚል ሰማሁ። አጎንብሼ ቅጠሉን በላሁ።

ሐሙስ

ጠዋት ማርቆስ ብስክሌቷን አጥቦ አቆመልኝ። እኔ አልቻልኩም አለ። ኦቾሎ ላይ ግን አቶ ያዕቆብ የሚባል ሸማኔ አለ፤ ጆሮ ያለው ሰው ነው፤ እኛን ያስቸገረንን ብስክሌት ሁሉ እሱ ጋ ነው የምንወስደው አለኝ። በሩን ሳይቀር ነገረኝ።

ስሙን አወቅኩት፤ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ነበረ። አቶ ያዕቆብ የልጄ አማት ነው። ግን ምን ልበል? ዘመድ የለኝም ብያለሁ። ለብስክሌት ብቻ የሚሄድ ሰው ሆኜ ሄድኩ፤ እንዲያውም ቀለለኝ።

አቀበቱን መንዳት አይታሰብም። ብስክሌቷን እየገፋሁ ወጣሁ። ሲገፏት አትጮህም። ሜዳው ከበታቼ እየጠበበ፣ ሙዙ ሣር እየመሰለ፣ ሐይቁ ደግሞ እየሰፋ ሄደ። ከዚያ ጉም መጣና ሁሉንም ወሰደው። ነጭ ውስጥ ነው የምሄደው። ከላይ የሚወርዱ ሴቶች ከጉሙ ድንገት እየወጡ፣ ብስክሌቷን አይተው "ደረሱ፣ ደረሱ" እያሉኝ ያልፋሉ። ማን እንደሚጠብቀኝ የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጉሙ ሲሳሳ የእንሰት አጥር ታየ፤ በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል፣ በሁለት እጃቸው እርጥብ ሣር ይዘው። ለአህያዬ ያጨዱ መሰለኝ። የመጣ እንግዳ ጭነት አለው ብለው ይሆናል አልኩ።

"አህያ የለኝም" አልኳቸው፤ "ይህች ደግሞ የምትበላው ሣር አይደለም፣ ግራሶ ነው።"

ሽማግሌው ሣሩን እንደያዙ ተንበረከኩ።

ከኋላቸው አንድ ድምፅ "አባ፣ ሣሩ ለአንተ ነው" አለ።

ብርቱካን ናት። ወፍራለች። ልጁን አዝላለች። ሳትጠጋኝ፣ እዚያው ቆማ አስረዳችኝ፤ እዚህ አገር ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከልህ ዕርቅ ነው የሚለምንህ፣ እሱን አልፈህ መሄድ አትችልም አለች። እንግዲህ አስቡት። ሰድቤ የላክሁባቸው እኔ፣ የሚንበረከኩት እሳቸው። ብስክሌቷን ለቀቅኋትና ወደቀች። እጃቸውን ይዤ አነሳኋቸው፤ መዳፋቸው ከኔ መዳፍ የባሰ የሻከረ ነው። ይቅር በሉኝ ማለት ነበረብኝ። እኔ ያልኩት ግን "ይህች ብስክሌት ትጮሃለች፣ እርስዎ ያውቁበታል አሉኝ" ነው።

"እኔ?" አሉ አቶ ያዕቆብ፤ "ብስክሌት ላይ ወጥቼም አላውቅ።"

ብርቱካን ሳቀች። ስቃ ስትጨርስ ነገረችኝ። አባቴ በቀይ ብስክሌት ሊመጣ ይችላል ብላ ለማርቆስ ነግራው ኖሯል፤ ትናንት ደውሎላት ነበር፤ አንድ ረጅም የተቆጣ ሰው ብስክሌትሽን ይዞ ማንጎዬ ስር ተቀምጧል፣ ዘመድ የለኝም ይላል ብሎ። ደግ ፊት አላምንም ያልኩት ለዚህ ነው። የዋሸልኝን ውሸት ያህል ግን ማንም እውነት ነግሮኝ አያውቅም።

ባሏ በትምህርት ቤቱ ሥራ ሌላ ከተማ ነበር፤ እነሱ ቆጮና አይብ በሉ። እኔም በላሁ። ስድቤን ማንም አላነሳም። ልጄ አባ ትለኛለች፣ ድሮ አባዬ ነበር የምትለኝ። ትንሹ ልጅ ከሩቅ ያየኛል፤ እኔም አየዋለሁ። እኔ እንደገና ስለ ድምፁ ማውራት ጀመርኩ፤ ሌላ ወሬ አልነበረኝም። አቶ ያዕቆብ ጨርሰው ሰሙኝና "እስቲ ይንዷት" አሉ።

ግቢው ሜዳ ነው። ዞርኩ። ቀጭ፣ ቀጭ። እሳቸው ሸማ የሚሠሩበት ጉድጓድ አፍ ላይ እግራቸውን ወደ ታች ከተው ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። ከዚያ "አሁን ከመቀመጫው ይነሱና ቆመው ይርገጡ" አሉ።

ቆሜ ረገጥኩ። ዝም።

ተቀመጥኩ። ቀጭ።

"እግርዎ አይደለም" አሉ። እንዲህ አስረዱኝ፤ ሸማኔ ሲለምድ መሣሪያው ሲጮህበት ሁልጊዜ መርገጫውን ነው የሚፈታው፣ ድምፁ ከእግሩ ጋር ስለሚመጣ። የሚጮኸው ግን የተቀመጠባት ጣውላ ናት። እግሩ ሲረግጥ ወገቡ ይነቃነቃል፣ ጣውላዋ ትጮሃለች። ሰው እግሩን እንጂ መቀመጫውን አይጠረጥርም አሉ። በዝዋይና በአርባ ምንጭ ያለ ሠራተኛ ሁሉ ወይ ገልብጦ ነው ያያት ወይ ቆሞ ነው የነዳት። ማን ይቀመጥባት ነበር? እኔ ብቻ።

ብሎኑን ፈታሁ። የመቀመጫውን ብረት እያወዛወዝኩ ሳወጣው ዙሪያውን የተጠቀለለ ቆርቆሮ አብሮ ወጣ። እኔው ነኝ ያስገባሁት። ለቁመቴ ከፍ ሳደርገው ብረቱ ስለተንገዳገደ ያገኘሁትን ቁራጭ ጠቅልዬ ሞላሁበት፤ በዚያው ረሳሁት። ዘረጋሁት። ውስጡ ዝገት ነው፤ ጀርባው ግን ሰማያዊ ቀለም አለው። ፊደል ነው።

ወደ ብርሃን አዞርኩት። ብርቱካን መጥታ ከጎኔ ቆመች። ምን እንደሆነ ወዲያው አውቃዋለች፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ልታነብልኝ እጇን ዘረጋች፣ ድሮ እንደምታደርገው። ማንበብ መቻሌን አታውቅም። እጇን መለስኩና ራሴ አነበብኩ፤ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ ጣቴን ከስሩ እያስኬድኩ።

"አ… ባ… ቴ። አባቴ። ነ።"

እዚያ ላይ ተቆርጧል።

የተቆረጠውን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች። "ሌላውስ የት አለ?" አለችኝ።

"ቆራረጥኩት።"

"ግድ የለም፣ እኔ አውቀዋለሁ" አለች። ቆርቆሮውን እያየች ነው የተናገረችው፣ እኔን አይደለም። "ይህን ቤት የሠራው አባቴ ነው። ይኸው ነው የሚለው።"

ሰዉ የሚስቅብኝ መስሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ ስድስት ዓመት ተቀመጥኩበት፤ ስድስት ዓመት ከስሬ ሆኖ ሲጠራኝ ፔዳል ስቀይር ከረምኩ። ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። የነገርኳት አንድ ነገር ነው፣ "በስድስቱ ዓመት ማንበብ ተማርኩ" አልኳት። "ማን አስተማረህ፣ አባዬ?" አለች። አባዬ አለችኝ።

አቶ ያዕቆብ ወፍራም የጥጥ ክር አምጥተው በሰም አሹትና በብረቱ ዙሪያ አጥብቀው ጠመጠሙት፣ ልክ እንደ ቆርቆሮው ውፍረት። መልሼ ከተትኩት፤ ለሷ ቁመት ዝቅ አድርጌ አሰርኩት። ወጣችባትና በጉሙ ውስጥ ግቢውን ዞረች። ትንሹ ልጅ እያጨበጨበ ተከተላት፣ ከዚያ ምን እንደታየው እንጃ፣ መጥቶ እግሬ ላይ ተቀመጠ።

ዓርብ

ብርቱካን ሽሮ በዘይት ሠርታ አበላችኝ፤ ዓርብ መሆኑን አልረሳችም። እስከ ላንቴ ሸኘችኝ። ቁልቁለቱን አብረን ገፋናት፣ ሜዳው ላይ ስንደርስ ወጣችባት። እኔ በእግሬ ከፊት እሄዳለሁ፣ እሷ ከኋላዬ ቀስ እያለች ትነዳለች። አትጮህም። መምጣቷን ለማወቅ ዞር ዞር ማለት ነበረብኝ። ስንቴ እንደዞርኩ ማርቆስ ከማንጎው ስር አይቶ ሳቀብኝ። እኔም እጄን አነሳሁለት፤ ለኔ ብዙ ነው።

አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። ሐይቁ በመስኮቱ እንደገና መጣ፣ አሁን በቀኜ፣ ፀሐይ ወርዶበት መዳብ መስሏል። ሶዶ እስክንደርስ ከጎኔ የተቀመጠ አንድ ነጋዴ እግሩንም ወንበሩንም ሲፈትሽ ቆየ። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ቀጭ የሚል ነገር አለ። በመጨረሻ ዞር ብሎ "አባት፣ ይህ የሚጮኸው ነገር ምንድን ነው?" አለኝ።

ኪሴ ውስጥ ያለው ቆርቆሮ ነው፣ ከቤቴ ቁልፍ ጋር እየተጋጨ።

"ምን እንደሆነ አውቃለሁ" አልኩት፤ ሌላ አልነገርኩትም።